ሰው የሚፈልገው ቃል

መጋቢት 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን፤ መሪጌታ ራሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ውዴ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ቄስ ገብረ ሕይወት፣ የድጓ ተማሪው ኪዳን፣ ከእስቴ የመጣች ፈትለወርቅ የምትባል ሴትና እኔ። እኔ ይሁኔ እባላለሁ። መሪጌታ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለ ሆኑ ግን እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ እንጂ አጎቴ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

ቤቱ ከአርብ ገበያ ከተማ ጫፍ፣ ከተማሪዎቹ ጎጆዎች ፊት ለፊት ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳው በድሮ ጋዜጣ ተለብጧል፤ ጋዜጣው ከጣሪያው በሚወርደው ዝናብ ቢጫ ሆኖ አንዳንዱ ርእስ ብቻ ይነበባል። የኔታ መደቡ ላይ አጎዛቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ድጓው በጨርቅ ተሸፍኖ አትሮንሱ ላይ አለ። ቄስ ገብረ ሕይወት የቤቱን ብቸኛ የፕላስቲክ ወንበር ይዘዋል። እኔ ከበሩ ጀርባ ካለው የገብስ ጆንያ ላይ ነበርሁ። ሴትዮዋ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ፌስታል ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መጀመሪያ ስለ መንገዱ ተወራ። ወገዳ ማደሯን፣ ለአልጋ ሰማንያ ብር መክፈሏን ነገረችን። ቄስ ገብረ ሕይወት «ሰማንያ ብር! ቁንጫውንም ቆጥረውብሽ ነው እንዴ?» ብለው አሳቋት። ሳቋ ሲያበቃ ፌስታሉን ፈታችና አንድ የወንድ ሸሚዝ አውጥታ ከየኔታ እግር ሥር ዘረጋችው። ሰማያዊ ሰረዝ ያለበት ነው፤ ኮሌታው በላብ ቡኒ ሆኗል።

«አላጠብሁትም የኔታ» አለች። «ሳይታጠብ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

የኔታ ሸሚዙን አዩና «ምነው፣ ባለቤትሽ ታሟል?» አሉ።

«ኧረ እሱስ ደኅና ነው። ሌላ ጋ ነው እንጂ።»

«ሌላ ጋ ስትይ፣ ለሥራ ሄዶ?»

እትዬ ውዴ ጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር። ነገሩ ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ናቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ ለሸሚዙ የምትነግር ይመስል፣ «ሌላ ሴት ጋ ነው። ሁለት ዓመቱ። እርስዎ መስተፋቅር ይሠራሉ ሲባል ነው የመጣሁ» አለች።

ያ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። የኔታ ሃያ ስድስት ዓመት ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የመሪጌታን ስም ይዘው ክታብ የሚሸጡ ሰዎች ወሬ በተነሣ ቁጥር «ተዉኝ፣ እህል አታስጠሉኝ» ይላሉ። ቄስ ገብረ ሕይወት አማትበው ጠየቋት።

«ማነው እንዲህ ብሎ የላከሽ?»

«ስልክ ላይ አለ አባ። የጎረቤቴ ልጅ ነው ያወጣልኝ። ቁጥሩም ይኸው የርሳቸው ነው።» ወደ የኔታ ዞረች። «ረቡዕ ስደውልልዎት፣ ከድረ ገጹ አይቼ ነው ብልዎት፣ ነይ ልጄ ቤቴ ክፍት ነው አላሉኝም?»

ብለዋል። ልጇን ለትምህርት የምታመጣ መስሏቸው ነው። ለጉባኤ ቤቱ ድረ ገጽ ሠርቼ፣ ሰዎች ከዚያ አይተው ይደውሉልዎታል ብዬ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ስልኳን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን በኪሳቸው ዳብሰው ሲያጡት ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ይሁኔ፣ አንተ አንብበው። አጥርተህ ታነባለህ።»

ተነሥቼ ተቀበልሁ። አነበብሁ። «መሪጌታ ቀለመ ወርቅ። መስተፋቅር፣ ባል ለመመለስ፣ ለገበያ፣ ስልክ ቁጥር።» ከዚያ ቁጥሩ አለ። ከቁጥሩ በታች ባዶ ነው። እያንዳንዷን ፊደል በኮምፒውተር የለቀምኋት እኔ ስለ ሆንሁ ስልኩን ሳላይም ልለው እችል ነበር። ያነበብሁት ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው፣ ቃሉ ላይ ትንሽ እየቆምሁ ነው። ሳላስበው ነው እንዲያ ያነበብሁት። አንብቤ ስጨርስ ጆሮዬ ይግል ነበር።

«ያን ገጽ የሠራኸው አንተ አይደለህ?» አሉኝ ቄስ ገብረ ሕይወት።

የኔታ ቀደሙኝ። «እሱማ የሠራው የጉባኤ ቤቱን ታሪክ ነው። እኔው እየነገርሁት ነው የጻፈው፤ ጽፎ ሲያበቃም አንብቦልኛል። አንዲት ፊደል አልሳተም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ገብቶ ሊጽፍበት ይችላል?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። «ይቻላል» አልሁ። ውሸት አልነበረም፤ የይለፍ ቃሉን ያወቀ ማንም ሊጽፍበት ይችላል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ግን አልተናገርሁም።

«እዚህ ግቢ ስልክ ያለው ማነው?» አሉ ቄሱ።

ስልክ ያለው ኪዳን ነው። ከወገዳ ማዶ ካለ ቀበሌ በልጅነቱ መጥቶ ዘጠኝ ዓመት የኔታ ዘንድ ተምሯል። ከትንሣኤ በኋላ ለምስክር ወደ ጋይንቱ ቤተ ልሔም ሊሄድ ነው፤ እዚያ ከተመሰከረለት መምህር ይሆናል። በኅዳር ወር የኔታ ስልክ አግኝተውበት ሳምንት ሙሉ ከትራሳቸው ሥር ይዘውበት ነበር። ውሃ ሊያስገባ ገብቶ ጀሪካኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ የኔታን ዜማ ነው የምቀዳበት» አለ። «ማታ ማታ እሰማዋለሁ። ይሁኔ፣ እስኪ አንተ ንገራቸው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት አውቃለሁ?»

«እኔ እንጃ» አልሁ።

ሁለት ቃል ናት። ኪዳን ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና እጁን በጋቢው ጠረገ። የኔታ ድጓውን የሸፈነውን ጨርቅ አስተካከሉና «ለምስክር ልልክህ ነበር» አሉት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ከጉባኤ ቤቱ መሰናበቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለሰበካ ጉባኤው እንድጽፍ፣ ሌላ መምህርም እንዳይቀበለው ግልባጭ እንዳወጣ፣ ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንዳደርስላቸው አዘዙኝ። ቃላቱን እየመረጡ ነገሩኝ፤ እኔም ረቂቁን በእጄ ጻፍሁ። እትዬ ውዴ ወደ ሴትዮዋ ሄደው ሸሚዙን ከመሬት አነሡ፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርገው እንደ ታጠበ ልብስ በሥርዓት አጠፉትና ፌስታሉ ውስጥ መለሱላት።

«ይዘሽው ሂጂ ልጄ።»

«አይሠሩም ማለት ነው?»

«አይሠሩም።»

«ታዲያ ለምን ጻፉ?» አለች።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ደብዳቤውን ከማትምበት ከምንተስኖት ቤት ለመድረስ በአህዮቹ መካከል ማለፍ ነበረብኝ። አንድ ገበሬ ባቄላውን በጣሳ እየሰፈረ ከአንዲት ሴት ጋር በሁለት ብር ይከራከራል፤ የጣሳው አፍ ተጣሟል፣ አልተጣመመም ይባባላሉ። ወትሮ ቆሜ የምሰማው ነገር ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ስሜን ጠርቶ የሚያስቆመኝ እየመሰለኝ መሬት መሬት እያየሁ አለፍሁ። ምንተስኖት የኮፒና የጽሕፈት ቤት አለው፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የሚንቋቋ የእንጨት አግዳሚ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምሁ ጀምሮ እዚያ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከሰው ጋር ማውራት ስለማይሆንልኝ ደንበኛው ለምንተስኖት ይነግረዋል፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል ስለማልስት ከፍርድ ቤት ተመልሶ የመጣ ጽሑፍ የለኝም። በዚህ እኮራ ነበር።

ድረ ገጹ የእኔ አሳብ ነው። በጥር ወር የኔታ ተማሪ እያነሰ መሄዱን፣ አዲስ የሚመጣ ልጅ መጥፋቱን ሲያነሡ ሰማሁና ለምንተስኖት ነገርሁት። እሱ ባሕር ዳር ሦስት ወር ተምሮ መጥቷል። «ዝም ብለህ ገጽ ብትሠራ ማን ያይልሃል?» አለኝ። «መጀመሪያ ሰው ጉግል ላይ ምን ብሎ እየጻፈ እንደሚፈልግ ማወቅ አለብን። ለዚያ የሚሆን መሣሪያ አለ። ቃሉን ስትሰጠው በወር ስንት ሰው እንደሚፈልገው ይነግርሃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ታዘጋጃለህ።» እኔ ደብተር ገዝቼ ሦስት መስመር አሰመርሁበት፤ ቃሉ፣ በወር የሚፈልገው ሰው ብዛት፣ በዚያ ቃል ቀድሞ የተሠራ ገጽ። መብራት ባለ ቁጥር አንድ ሳምንት ያህል ቃል ስናስገባ ከረምን። «የድጓ ትምህርት» ብለን ስናስገባ ቁጥር የለውም፤ ሰረዝ ብቻ ነው። «ጉባኤ ቤት» ከአሥር እስከ መቶ ሰው። «ቤተ ልሔም» ብዙ ፈላጊ አለው፤ ነገር ግን የሚፈልጉት ጌታ የተወለደበትን አገር እንጂ የእኛን የጋይንቱን አይደለም። ከዚያ «መሪጌታ» ብለን ብናስገባ ከአንድ ሺህ እስከ አሥር ሺህ አለ። ደስ ብሎኝ ቁጥሩን በቀይ እስክርቢቶ ጻፍሁት። መሣሪያው ግን ከቃሉ ሥር ሰዎች ከእሱ ጋር አያይዘው የሚጽፉትንም ያወጣል። መስተፋቅር። ባል ለመመለስ። ለገበያ። ስልክ ቁጥር። የሚበዛው ሰው ደግሞ «መርጌታ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ምንተስኖት ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «ሰው የሚፈልገው ይኸውልህ! አጎትህን አንድ ሳምንት ብቻ ብታሠራቸው ጉባኤ ቤቱን በብሎኬት ትገነቡት ነበር።» እኔም ሳቅሁ። ቃላቱን ግን ደብተሬ ላይ፣ በተሰጠኝ ቅደም ተከተል፣ አስተካክዬ ጻፍኋቸው።

የጉባኤ ቤቱን ታሪክ ብቻ የያዘውን ንጹሑን ገጽ ሠራን። በሦስት ሳምንት ያየው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ አምስቱም እኔና ምንተስኖት ደጋግመን የከፈትነው ነው። የኔታ በመጣሁ ቁጥር «ሰው አየው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ምንተስኖት ነፋስ መውጫ ከተማ ሄዶ ብቻዬን ስሆን አዲስ ገጽ ከፈትሁና እነዚያን ቃላት ከደብተሬ ርእስ አድርጌ ገለበጥኋቸው፤ የኔታን ቁጥርም ጨመርሁ። ያሰብሁት ክፉ ነገር አልነበረም። መስተፋቅር ብሎ የሚፈልገው ሰው ይመጣል፤ ከርእሱ ሥር ደግሞ የኔታ ስለዚህ ነገር የሚያስተምሩትን ያነብና ይመለሳል፤ እንዲህ ነበር አሳቤ። ትምህርቱን ለመጻፍ የኔታን መጠየቅ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ያን ቃል በፊታቸው ማውጣት አፈርሁ። ሦስተኛውን ቀን እትዬ ውዴ «ምን ሆነህ ነው የምትቁለጨለጨው?» ሲሉኝ ጨው ልጠይቅ መጣሁ ብዬ የማልፈልገውን ጨው ይዤ ተመለስሁ። ከርእሱ ሥር ያለው ባዶ እንደ ሆነ ቀረ። የሚያየው ሰው ቁጥር ግን ወጣ። አርባ፣ ዘጠና፣ ሦስት መቶ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። ለየኔታ ሦስት መቶ ሰው ጎብኝቶዎታል ስላቸው ተነሥተው ራሴን ዳበሱና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቱን ስለ መጻፍ አላሰብሁም።

ያን ዓርብ ስገባ ምንተስኖት ስልኩን ይነካካ ነበር። ነገርሁት። መጀመሪያ አላመነኝም።

«አንተ? አንተ ነህ የጻፍከው? ሰውዬ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«በቃ አጥፋውና ዝም በል። ያልፋል። ኪዳን እንደሆነ ዜማው ጎበዝ ነው፣ የትም ይገባል።»

«ግልባጭ ይላካል። የትም አይገባም።»

ምንተስኖት ቁጭ ብሎ አየኝ። «ታዲያ ሄደህ ንገራቸዋ» አለ፤ ወዲያው እኔን ስለሚያውቀኝ አንገቱን ነቀነቀ። ገጹን አጠፋሁት። ያየው ሰው ብዛት አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ደርሶ ነበር። ቀጥዬ ደብዳቤውን ጻፍሁ። «ተማሪዬ የነበረው» እስከሚለው ድረስ እጄ አልቆመም። ከዚያ በኋላ የኪዳንን ስም ማስገባት አቃተኝ። የራሴንም ማስገባት አቃተኝ። ለስሙ የሚሆን ባዶ መስመር ትቼ ቀጠልሁ፤ «ያለ እኔ ፈቃድና ዕውቀት በስሜ አሳፋሪ ማስታወቂያ ጽፎ ስለ ተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ከቤቴ የተሰናበተ መሆኑን አስታውቃለሁ።» አተምሁት። ምንተስኖት ባዶውን መስመር አየ፤ የኮፒውንም ሁለት ብር አልቀበልም አለ።

ስመለስ ፈትለወርቅ መኪና መሳፈሪያው ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልሰወር ብል አየችኝ።

«አንተ ያነበብኸው ልጅ አይደለህ? ና እስኪ።» ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እኔ መጻፍ አልችልም። ሌላ የሚሠራ ካለ ፈልግልኝ። መንገዱን እንዲሁ በከንቱ ከምመለስ።»

ስልኩን ያዝሁ። የጎረቤቷ ልጅ የጻፈው አሁንም መፈለጊያው ላይ አለ። «መርጌታ ባል ለመመለስ ስልክ ቁጥር» ይላል። ከደብተሬ ገልብጦ የጻፈው ይመስላል። ከዚያ ቀይ ቁጥር፣ ከአንድ ሺህ እስከ አሥር ሺህ ከሚለው፣ አንዷ እሷ መሆኗ ነው። እግሯ ላይ ጫማው የላጠው ቁስል ነበር፤ በእጇ ዝንብ ትከላከላለች።

«የለም» አልኋት። «ሁሉም ውሸት ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ረዳቱ «እስቴ፣ በወገዳ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ፌስታሏን አንጠልጥላ ሮጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ የኔታ ቤት ደረስሁ። ከደጁ ኪዳን ደበሎውን ጠቅልሎ፣ መጽሐፎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ግንድ ላይ ተቀምጧል። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና አላለም። ከጎጆዎቹ ትንንሾቹ ተማሪዎች ጾመ ድጓ ይለማመዳሉ፤ ወትሮ የሚያርማቸው እሱ ስለ ነበር አንዱ ዜማ ጋ ሲሰበሩ እዚያው ላይ ደጋግመው ይቆማሉ። የኔታ መነጽራቸውን አግኝተዋል። ቄስ ገብረ ሕይወት ተመልሰው መጥተዋል። ማኅተሙ ከነቀለሙ ሣጥን ላይ ተዘጋጅቷል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። የኔታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡና መካከል ላይ ቆሙ።

«ስሙን ዘልለኸዋል።»

«አዎ የኔታ።»

«ስሕተት አታውቅም ነበር። በል ሙላው።» እስክርቢቶውን ሰጡኝ።

በርከክ ብዬ ወረቀቱን ሣጥኑ ላይ አስደገፍሁት። ደጅ ልጆቹ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በአፌ የምለው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አልለውም ነበር። «ይሁኔ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀጥዬ የአባቴን ስም «ዳኛቸው» ብዬ ጻፍሁ። ግልባጩንም እንዲሁ ሞላሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልሁበትና መለስሁላቸው።

የኔታ አነበቡት። ሳይጨርሱ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው እንደገና አነበቡት። ቄስ ገብረ ሕይወት አንገታቸውን አስግገው አዩና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተመለሱ። «ይሁኔ...» አሉ እትዬ ውዴ ከጓዳው በር። የኔታ ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው ሳያደርጉት ያዙት።

«ጠዋት ሳስነብብህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያንተን ጽሑፍ ነበር ያነበብህልኝ?»

«አዎ የኔታ።»

«ሳስነብብህ!» አሉ እንደገና፤ ያሁኑ ለእኔ አልነበረም። ማኅተሙን አንሥተው ቀለሙን ነክተው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ከዚያ ፈረሙ። ግልባጩንም ፈረሙ። የቅዳሴው ደወል ሲደወል መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ፤ ኪዳን ከተቀመጠበት ግንድ አጠገብ ቆመው ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ኪዳን ከረጢቱን መፍታት ሲጀምር ግን በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

ደብዳቤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነበበ። ኪዳን ከትንሣኤ በኋላ ቤተ ልሔም ሄደ። እኔ ወገዳ አንድ የጽሕፈት ቤት ሥራ ያዝሁ። ገጹ ቢጠፋም የኔታ ስልክ እስከ ክረምት ድረስ መደወሉን አላቆመም፤ የሚያነሡት እትዬ ውዴ ናቸው። «አይሠሩም» ብለው ይዘጉታል።